የኡርሆ የአደን ፈቃድ

ከሰሜን ኦንታሪዮ

ይድረስ ለባለቤቴ ታናሽ ወንድም ለቬይኮ፤

እንዴት ከርመሃል? የቫንኩቨር ዝናብስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ መያዝ ጀምሯል።

የሙስ፣ የዚያ የግዙፉ አጋዘን፣ የአደን ዕጣ አወጣጡ ተለውጦልሃል። ድሮ ቡድኑ በአንድነት ይገባ ነበር። ዘንድሮ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ሆነ፤ ዕጣው ሳይወጣለት ብዙ ዓመት የጠበቀ ብዙ ነጥብ አለው። በነጥብ ከሁሉ የበለጠው ወንድምህ ኡርሆ ሆነና ፈቃዱ ለእሱ ወጣ። ይኸኔ ዓመቱን ሙሉ ደጃችንን ያልረገጡት የእህታችሁ ልጆች ኬክ ተሸክመው ከተፍ አሉ። ባለፈቃዱ አብሮ ካልወጣ ማደን ክልክል ነዋ።

"አጎቴ፣ ያላንተ ምን አደን አለ?" ይሉታል።

"እሱ እኮ እንደ ድሮው አይደለም" ብላቸው፣ ታላቅየው አፉን በኬክ ሞልቶ፣ "አንድ ጥግ ይቀመጥልን እንጂ ሌላውን እኛ እናውቃለን፣ አክስቴ" አለኝ።

የኡርሆን ጠመንጃ ቀድሜ ሸሽጌው ነበር። እሱም የት እንደገባ እንኳ አልጠየቀኝም። ልጆቹ ብርቱካናማ የአዳኝ ሰደርያ አልብሰው እንደ ዕቃ ጫኑት። ትልቅ ሙስ ጥለው ማታ መለሱት፤ ለእኛ የደረሰን አጥንት የበዛበት ከረጢት ነው። ፈቃዱን ስለተጠቀመበት ነጥቡ ወደ ዜሮ ተመልሷል፤ ከእንግዲህ ኬክ ይዞ የሚመጣ አይኖርም። ይቅርብን።

ኡርሆ ግን ተደስቶ ገባ። እራት ላይ፣ "ጨዋ ልጆች ናቸው። የማን ልጆች ናቸው?" አለኝ። ይቀልዳል መሰለኝ፤ ሳቅኩለት።

ሰላምታዬን ለቤተሰቡ ሁሉ አድርስልኝ። ለኡርሆ ስትጽፍለት ፎቶህን አብረህ ላክ፤ ከጀርባው ስምህን፣ ወንድሙ መሆንህንም ጭምር በትልልቁ ጻፍበት።

የወንድምህ ሚስት ሌምፒ