አባየ ሐይቁን ሩዝ ያሉ ዕለት

ይድረስ ጅግጅጋ ላለው ወንድሜ ለበላቸው ይርዳው።

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምህ? እንዴት ባጀህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ድንጋይ ስታነሳ የያዘህ ያ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ እየተመላለሰ ያስቸግርሃል? የዚያን አገር ነፋስና አቧራ አሁንስ ለመድኸው? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ ሥራ ላይ ሆነህ እስክትወድቅ ትረሳዋለህ? ይህን ሁሉ በስልክ እንደምጠይቅህ አውቃለሁ፤ በስልክ ግን ለሁሉም መልስህ ደህና ነኝ ነው። በወረቀት ስጠይቅህ ምናልባት እውነቱን ትመልስልኝ ይሆናል።

እኛ በአምላክ ቸርነት ሁላችንም አለን። ሩዙ ዘንድሮ ደህና ሰጥቷል፤ ወቅተን ጨርሰናል። ቀይቱ ላም ወልዳ ወተቱ ሞልቷል፤ እኛ ጾም ላይ ስለሆንን ጥጃዋና ልጆቹ ተጫወቱበት።

ደብዳቤ ስታይ መርዶ መስሎህ እንዳትደነግጥ። የሞተ ሰው የለም። የምጽፍልህ ስለ አባየ ዓይን ነው። በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ጀምሬ፣ ድምፄ እየተሰበረ ወሬውን ወደ ከብቱ አዞርሁት። ደግሞ ታውቀኛለህ፣ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እጀምርና ካርዱ ያልቃል። የባለ ሩዝ መፈልፈያዋ የራሂማ ባል ሙጃሂድ፣ ረመዳን ሳይገባ ዕቃ ሊያመጣ ወደ እናንተ አገር እንደሚሄድ ስሰማ፣ በል እንግዲህ ብዬ እስክሪብቶ አነሳሁ። ተቀምጠህ አንብበው። መጨረሻውን ቀድመህ እንዳታይ፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው መሆንህን አውቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነው። የሩዝ አምራቾች ማኅበራችን አባላቱን ለአንድ ቀን ወደ አዊ አገር ወሰደን። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሰውመሆን፣ ያ አብሮህ የተማረው፣ አሁን ሆዱ ቀድሞት የሚሄደው፣ ዘንገና የሚባል ሐይቅ በአስጎብኚ ትጎበኛላችሁ አለን። አባየ አልሄድም ብለው ነበር። ሐይቅ ለማየት ነው ይህን ያህል መንገድ? ጣና ክረምት በመጣ ቁጥር እስከ በራችን ድረስ መጥቶ ይጎበኘን የለም ወይ? አሉ። እኔ ግን እማየ ካረፈች ወዲህ ከማሳና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የሄዱበት የለምና ጎተጎትኋቸው። እንቢታቸው ሲረዝም ኩርፊያ ጀመርሁ። ኩርፊያዬን አይችሉም፤ ተነሱ።

ጎህ ሲቀድ ከወረታ ወጣን። ዓባይን ተሻግረን፣ መራዊንና ዳንግላን እያለፍን ስንሄድ መኪናው በዘፈን ተናወጠ። አባየ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ሰዉ ያን ፈረስ እዩት ሲል እሳቸውም አዎ መልካም ፈረስ ነው ይላሉ፤ ያን ጫካ እዩት ሲባል አዬ ጫካ ይላሉ። እኔ ሞኟ፣ ደስ ብሏቸዋል ብዬ ደስ አለኝ።

አገሩ ብርድ ነው፣ ጋቢያችንን ተከናነብን። አስጎብኚው አለኸኝ የሚባል ለግላጋ የአገሩ ልጅ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ አንደበቱ የተባረከ። ይህ ጉድጓድ ጥንት ከምድር ውስጥ እሳት ፈንድቶ የቆፈረው ነው፤ ኋላ ውሃ ሞላው፤ እንደ ጣና ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይደለም፣ ከዳሩ ጀምሮ ጥልቅ ነው፤ እባካችሁ ከመንገዱ አትውጡ አለን። ሰውመሆን ይህን ሰምቶ፣ ውሃው ሲሸሽ ዳሩ ላይ ምን ትዘራላችሁ? ብሎ ጠየቀ። እኛ እኮ ጣና ሲሸሽ እግር በእግር ተከትለን ሽምብራ የምንዘራ ሰዎች ነን። አለኸኝ፣ ይህኛው አይሸሽም ቢለው፣ ታዲያ ምን ሥራ አለው? ብሎ ሰዉን በሳቅ ገደለው።

ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። በዛፎቹ መካከል ቁልቁል ስታይ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ፣ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ነፋስ የሚባል የለም። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዲህ ሆኜ ሳለ አባየ ከጎኔ፣ እነዚህ ሰዎች እስካሁን ሩዛቸውን አላጨዱም እንዴ? አሉ።

ሰዉ በሙሉ ሳቀ። አለኸኝም፣ ተጫዋች አባት ናቸው አለ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልዳቸውን ታውቀው የለ? ሳቁ ሳያባራ ግን አባየ በትራቸውን ይዘው ከመንገዱ ወጡ። የሰው ሩዝ ሲያዩ የሚያደርጉትን አትረሳውም፤ ገብተው ዛላውን ቀጥፈው፣ በመዳፋቸው አሽተው፣ ፍሬውን በጥርሳቸው ሳይሰብሩ አያልፉም። ልክ እንደዚያ፣ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ሰው፣ ቀጥ ብለው ወደ ገደሉ ወረዱ።

አባየ! ብዬ የጋቢያቸውን ጫፍ ብይዝ ጋቢው እጄ ላይ ቀረ። ቅጠሉ አዳልጧቸው ተንሸራተቱ፣ ከዚያ አንድ ዛፍ አገኛቸውና ቆሙ። አለኸኝ እንዴት እንደ ወረደ አላየሁም፤ ብቻ ሳየው ወገባቸውን አቅፎ ይዟቸዋል። እሳቸው ግን ገደሉን አልፈሩም። በትራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው አየሩን እየደበደቡ፣ ሰገን፣ ሜዳው የት ሄደ? አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ወንድሜ።

አለኸኝ ደግፎ ወደ መንገዱ ካወጣቸው በኋላ፣ ሌሎቹን ደክሟቸዋልና ሂዱ ብዬ፣ እኔና እሳቸው አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ፊቴን ወደ ፊታቸው አስጠግቼ፣ አባየ ምን ይታይዎታል? አልኋቸው። ጭስ አሉ። የሰው ቅርጽ ያለው ጭስ። ቀኙ ዓይናቸው ጭራሽ ብርሃን ብቻ ነው የቀረው፤ ግራው ነው ትንሽ የሚያግዛቸው።

እንዴት እስካሁን አላወቃችሁም ትለኝ ይሆናል። ሜዳው ነው የደበቀን። ፎገራ ላይ ተወልዶ የሸመገለ ሰው፣ ከቤት ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ዓይን ምን ያደርግለታል? በሬዎቹ ፈሩን ያውቁታል፣ እግራቸው መንገዱን ያውቀዋል። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኙም ቀድሞ እጅ የሚነሳው ታናሹ ነው፤ እሳቸው ዝም ብለው ይጠብቃሉ፣ ሰውየው ሲናገር በድምፁ ይለዩታል። ካልለዩት ደግሞ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ እያሉ ሰላምታውን ያስረዝሙታል፤ ሰውየውም ሲመልስ ማንነቱን ራሱ ያወጣዋል። እኛ ሰላምታ አዋቂ አባት አለን ብለን እንኮራ ነበር! ወንዛዬ ፍል ውሃ ለቁርጥማቴ እያሉ የተመላለሱትም ለካ ለዓይናቸው ኖሯል።

ለምን አልነገሩንም? ብዬ ተቆጣሁ። እኔ ስደነግጥ ከእንባዬ ቁጣዬ ይቀድማል። አባቴን አስታውሺው አሉኝ። አያታችን ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ከበሩ ኋላ መደብ ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት፤ የሠፈሩ ልጆች በትራቸውን እየደበቁ ሲስቁባቸው እኔ ደርሼበታለሁ፣ አንተ ግን አልተወለድህም። እንደ እሱ የልጅ መጫወቻ ከምሆን ማሳዬ ላይ ብወድቅ ይሻለኛል አሉ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። ለፋሲካ ልምጣ ባልህ ቁጥር አትቸኩል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራህን ያዝ እያሉ ሲመልሱህ ከፍቶህ እንደ ኖረ አውቃለሁ። አምና ለእኔ መልሰህ ደውለህ፣ አባየ ጠሉኝ ወይ? ብለኸኛል። ለካ ፈርተው ነው። ልጄ ከስንት ዘመን በኋላ መጥቶ ከፊቴ ቆሞ፣ አንተ የማን ልጅ ነህ ብዬ ብጠይቀው የት እገባለሁ? አሉኝ። በስልክ ድምፅህን ሲሰሙ ፊትህን ለማምጣት ይታገላሉ፤ የሚመጣላቸው ግን የልጅነትህ ብቻ ነው። ይህን ተናግረው የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። እኔ አለቀስሁ፣ ምን ልደብቅህ።

አለኸኝ ሌሎቹን አድርሶ ተመለሰ። ምንም አልጠየቀንም። እጃቸውን ይዞ በደህናው መንገድ ቀስ አድርጎ እስከ ውሃው አወረዳቸው፤ ወዲያ ማዶ ምን ዛፍ እንዳለ፣ ወፎቹ የት እንዳረፉ፣ ጥላው እስከ የት እንደ ደረሰ እየነገራቸው ሄደ። አባየ ተቀምጠው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና፣ ይህስ ሩዝ አይደለም አሉ። ልጁ እግዜር ይስጠውና አልሳቀም።

ቤት ስንገባ ክርክሩ ተጀመረ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው፣ ዓይኔን በቢላ አላስነካም አሉ። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍሁ፤ ይህኛው ኩርፊያዬ ግን አልሠራ አለ። ራሂማ ሰምታ መጣች። እናቷ ባለፈው ዓመት የዓይን ሞራ ተገፍፎላቸው አሁን መርፌ ላይ ክር ራሳቸው ያስገባሉ። አባየ ራሂማን ይወዷታል፤ ሩዛቸውን ከእሷ ሌላ አያስፈለፍሉም። ግን እሷንም ጸበሉ ይበቃኛል ብለው መለሷት። በመጨረሻ የነፍስ አባታቸውን መምሬ ተክለ ማርያምን ይዤባቸው መጣሁ። መምሬም፣ ይርዳው፣ ጸበሉን የሰጠ እሱ፣ ለሐኪሙም ጥበቡን የሰጠ እሱ፤ ስለ ምን ታማርጥበታለህ? አሏቸው። አባየ አንገታቸውን ደፍተው፣ እሺ አባቴ አሉ። እኔ ስንት ቀን የደከምሁበትን በአንድ ቃል!

በየካቲት ባሕር ዳር የዓይን ሕክምና ዘመቻ መጣ ተባለና ወሰድኋቸው። ግራውን ዓይን ነው የሠሩላቸው። ሲገቡ ቀኝ እጄን ይዘው አለቅም ብለው ሐኪሟ ነች ያስለቀቀችኝ። እኔ ደጅ ሆኜ ድንግልን ያልለመንኋት ነገር የለም። እንቢ ያሉትን ሰው አስገድጄ አምጥቼ፣ ያለችውንም ጭላንጭል ባጠፋባቸውስ? እያልሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሐኪሟ ፋሻውን ፈታች። አባየ ብርሃኑ ወግቷቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀስ ብለው ከፈቱት። የሐኪሟን ነጭ ልብስ አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምንም አልተነፈስሁም። ድምፄን ሰጥቼ እንዳላግዛቸው ብዬ ከንፈሬን ነክሼ ቆምሁ። ሰገን? አሉ። አቤት አላልሁም። ጠጋ በይ ብለው ሻሼን ገለጥ አደረጉና ጠጉሬን በእጃቸው ዳሰሱ። ይህ ሽበት መቼ ነው የወጣብሽ? አሉኝ። እኔ ሳልነግርሽ፣ አንቺ ሳትነግሪኝ፣ ብቻሽን አረጀሽ ልጄ ብለው ራሴን ደረታቸው ላይ ያዙት። አጠገባችን ያሉ በሽተኞች ሁሉ አለቀሱ። ሐኪሟ፣ አባቴ እንባ ለዓይኑ ጥሩ አይደለም ብትላቸው ማን ሰምቷት።

ከዚያ ወዲህማ ቤቴ አማት የገባበት መስሏል። ቆርቆሮው ዝጓል፣ አጥሩ ዘሟል፣ የዚህ ልጅ አንገት ለምን አልታጠበም፣ ወጡ ለምን ቀይነት አነሰው! ላሚቱን እንኳ ከስታለች ብለው ሲቆጡኝ ዋሉ። እኔም እየተነጫነጭሁ እስቃለሁ። ቀኙን ዓይን ከፋሲካ በኋላ ይሠሩላቸዋል።

እንግዲህ ወንድሜ ለፋሲካ ና። የምትከለከልበት ምክንያት የለም፤ ነገሩን አሁን አውቀኸዋል። ያዘንህባቸውንም ተውላቸው፤ እሳቸው ከአንተ ይልቅ ተጎድተውበታል።

የልጆቼ አባት አጥብቆ ሰላም ብሎሃል፤ በጉን ለአንተ ብሎ እያደለበ ነው። ልጄ ዘወትር አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ጉልበትህን ስማለች። መምሬ ተክለ ማርያም እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውሃል። ሰውመሆን ሰላምታውን አብዝቷል፤ ስትመጣ ስለ ሆዱ እንዳትነግረው፣ ይቀየመኛል። ራሂማና እናቷ ሰላም ብለውሃል፤ ሙጃሂድን አሳርፈህ፣ ደህና አድርገህ ሸኘው።

አባየ ደግሞ ይህን ሁሉ አስነብበው ሰምተዋል። እኔ ያለቀስሁበትን አውጪው ብለውኝ ነበር፣ አላወጣሁትም። በመጨረሻ የራሳቸውን ቃል እንዳኖርላቸው አዘውኛልና፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ በላቸው፣ ስትመጣ ከደጅ ሆነህ ቤቶች ብለህ እንዳትጣራ። አባየም እንዳትል፣ ስምህንም እንዳትናገር። ዝም ብለህ ግባና ከፊቴ ቁም። የማን ልጅ እንደሆንህ እኔ ልንገርህ።

እኅትህ ሰገን ይርዳው
ወረታ፣ ፎገራ
መጋቢት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.