የቅዳሜ አንባቢዎች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ። ጋሼ፣ ሥራውና አገሩ እንዴት ይዞሃል? እኛ ተመስገን፣ አለን። ልጅህ ሚጣም አለች።

ሳሎኔን የመጻሕፍት መወያያ አደረግኩት ብልህ ትስቅ ይሆናል። ሚጣ ከክፍሏ አልወጣ ስላለች፣ እሷ ወደ ሰው ካልሄደች ሰው ወደ እሷ ይምጣ ብዬ ነው። በየቅዳሜው ፋርማሲስቷ ጎረቤቴ፣ ልብስ ሰፊውና ሁለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ይመጣሉ። ልብስ ሰፊው መጽሐፉን ሳያነብ መጥቶ ከሁላችንም በላይ ይከራከራል። "ሽፋኑን አይቼዋለሁ፣ ይበቃል" ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ ሚጣ ወጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። በልቦለዱ መጨረሻ ባለታሪኳ ትሞታለች። ደራሲው ጨክኗል እያልን ስናማው፣ ፋርማሲስቷ ወደ ሚጣ ዞር ብላ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለቻት።

"እሷማ ዐረፈች" አለች ሚጣ።

እኔ ተነሥቼ ሻይ ቀዳሁ።

ከዚያ ወዲህ የምተኛው እሷ ክፍል ነው፤ የኔ ክፍል ይቀዘቅዛል። የበሩን መቀርቀሪያም ነቀልኩት፣ ዝጎ ነበር። ፋርማሲስቷ የምታውቃት ሐኪም ስላለች ሰኞ አብረን እንሄዳለን፤ ሚጣ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል።

የሚቀጥለውን መጽሐፍ እሷ ትምረጥ ተባለ። መደርደሪያው ፊት ብዙ ቆመችና "ወፍራም ቢሆን ችግር አለው?" አለችኝ።

"ወፍራሙን አምጪው፤ የትም አንሄድም" አልኳት።

ጋሼ፣ ለዓመቱ መጨረሻ ያልከውን ፈቃድ አሁን ብትወስደው ደስ ይለኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ናፍቀኸናል። በሰላም ያገናኘን።

እህትህ