ከተራራው ወገን ይቆጠራል

ለወረዳው የጉብኝትና የተፈጥሮ መስህቦች ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ግልባጭ፦ ይህን ጋዜጣ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም ያለ እንከን የሚሠራ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ኒ ኞማን ሪምፔን እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ ነው፤ በመንደራችን በቴጋል ዋንጊ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ልጆችን ፊደልና ሒሳብ አስተምሬአለሁ። እኔ ራሴ የተማርኩት ሲንጋራጃ ከተማ በነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ሲሆን፣ እዚያ አንዲት ቃል የተዛነፈችበት ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተሰርዞ ይመለስልን ነበር። ስለዚህ ደብዳቤዬ ከረዘመብዎ መምህራኖቼን ይውቀሱ።

የምጽፍልዎ «የባሊ ውበት በአንድ ቀን» ብለው ስለሰየሙት የግል ጉብኝት ነው። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ጉዳዬን አስቀድሜ በአጭሩ አቀርባለሁ። ታናሽ እህቴ ኒ ክቱት ራስሚ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል። እርስዎም የዚህ ደሴት ልጅ ነዎትና ያውቁታል፤ ምናልባት ሥራው አስረስቶዎት ከሆነ ግን፣ በእኛ በድሆቹ መንደር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ይቀበራል፣ በየአምስት ዓመቱ የመንደሩ የጋራ ቀን ሲደርስ አጽሙ ወጥቶ ይቃጠላል፣ ነፍሱም ያኔ ትለቀቃለች። ለዚህ ደግሞ ከምንጫችን የተቀዳ ውኃ ያስፈልጋል። ውኃው የሚቀዳው ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ወጥታ ገንዳውን ስትነካ ነው፤ ከዚያ በፊት ውኃው እንደተኛ ይቆጠራል። ፀሐይዋ የገንዳውን ሦስተኛ ደረጃ ካለፈች በኋላ ደግሞ የዕለቱ ነገር አበቃ። ይህ ሰዓት በእርስዎ መርሐ ግብር «የግል ሰዓት» የሚባለው፣ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አምስት ያለው፣ በሩ የሚቆለፍበት ሰዓት ነው። ባመለጠን ቀን ምትክ ካህናችን የመረጡልን የፊታችን ረቡዕ ነው። ይህ ካለፈ የሚቀጥለው የጋራ ቀን ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እኔ ውኃ ቀጂ ልሁን ውኃ የሚቀዳልኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ።

አንደኛ። ስላሳተሙት ባለ ቀለም በራሪ ወረቀት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከቤቴ አንድ መቶ አርባ እርምጃ የሚርቀው ቤተ መቅደሳችን «የተሰወረው ቤተ መቅደስ» እንደሚባል የተረዳሁት ከዚሁ ወረቀት ነው። የተሰወረው ነገር እንዳይጠፋም በአሥራ አራት ቦታ ቀስት አቁመውለታል። «የሰው እጅ ያልነካው ፏፏቴ» የሚለውንም አንብቤአለሁ፤ ወርጄ ሳየው ዥዋዥዌ፣ የልብስ መቀየሪያና ስድስት ፎቶ አንሺዎች አገኘሁበት። በሩዝ እርከኖቹ ላይ የሚታየው «ጥንታዊ ገበሬ» ጎረቤቴ ነው። መኪናዎቹ እስኪሄዱ ድረስ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ ይመላለሳል፤ ሲሄዱ ባርኔጣውን አውልቆ እውነተኛውን ሥራ ይጀምራል።

ሁለተኛ። ስለ ቁጥሩ። በምንጫችን ገንዳ ላይ አሥራ ሁለት የድንጋይ አሸንዳዎች በአንድ ረድፍ ውኃ ያወርዳሉ። በተራራው ወገን ያሉት ሁለቱ የአራስ ልጅ ማጠቢያ ናቸው፤ መካከለኞቹ ስምንቱ የእኛ የቋሚዎቹ ናቸው፤ በባሕሩ ወገን ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው፣ የሙታን ናቸው፤ ቋሚ ሰው ራሱን አያስገባባቸውም። በደሴታችን ማንኛውም ነገር የሚቆጠረው ከተራራው ወገን ነው፤ ይህን የአንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከመቶ በፊት ይማሩት ነበር። የእርስዎ ባለሙያዎች ግን መኪናቸውን ባቆሙበት ወገን ጀመሩ። መኪና ማቆሚያው በባሕሩ ወገን ነው። በነጭ ቀለም፣ በጥሩ ብሩሽ፣ በሙታን አሸንዳዎች ላይ «1» እና «2» ብለው ጻፉ። በራሪ ወረቀቱም «አዲስ ተጋቢዎች ሆይ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ሥር ተቃቅፋችሁ ቁሙ፣ ፍቅራችሁ ይጸናል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ሙሽሮቹን ሁሉ ለመቃብር በተለየ ውኃ እያጠቡ በመሸኘትዎ፣ ትዳራቸው እንዴት እንደሆነ ደብዳቤ ጽፈው ቢጠይቋቸው መልካም ነው።

ሦስተኛ። ስለ በሩ። የመጀመሪያው የጋራ ቀናችን የዛሬ አራት ወር ነበር። ዘጠኝ ቤተሰብ ዘጠኝ መቃብር ከፍተን፣ ነጭ ለብሰን፣ ማሰሮ ይዘን ጠዋት በሩ ላይ ደረስን። ዘበኛው ማዴ ዊርካ ይባላል፤ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው፣ ነገር ግን መጻፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሲያየኝ ቆቡን አወለቀና፣ የድሮ ተማሪዎቼ ሁሉ እስከ ዛሬ በሚጠሩኝ የመምህርት ስም ጠራኝ።

«ኢቡ ጉሩ፣ ዛሬ አይቻልም።»

«ማነው አይቻልም ያለው?»

«ወረቀቱ።»

«አምጣው እስቲ ልየው።»

ወረቀቱን ሰጠኝ። «የተያዘ የግል ሰዓት በምንም ምክንያት አይሰረዝም፤ ያልተመዘገበ ሰው አይገባም» ይላል። ስሕተት ፈለግሁበት፤ አላገኘሁም፤ አጭር ስለሆነ ይመስለኛል።

«ዊርካ፣ ይሄ ቤተ መቅደስ የማነው?»

«የኛ ነዋ፣ ኢቡ ጉሩ።»

«እኛ ማነን?»

«ኧረ በፈጠረዎት እኔን አይጠይቁኝ! ሰባት አፍ ነው ይችን ቁልፍ የሚጠብቀው።»

ይህን ጊዜ ከኋላዬ የነበረችው ጎረቤቴ ሙርኒ አላስቻላትም። «አንተ ዊርካ! እናትህም እኮ እዛው ከኢቡ ጉሩ እህት ጋር ጉድጓዱ ተከፍቶ ነው ያለችው! በል ለሷም ቲኬት ቁረጥላት!» አለችው። እውነቷን ነበር፤ ከዘጠኙ አንዷ የዊርካ እናት ናት። ሰውየው ቁልፉን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውር ጀመር፤ በመጨረሻ ከማደሪያው ወንበር አምጥቶ እንድቀመጥ አደረገኝ።

በበሩ ፍርግርግ ውስጥ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ከሩቅ አገር የመጡ በእርስዎ «አንደኛ» ሥር ቆመው ይታዩኝ ነበር። አስጎብኚያቸው፣ የኛው አገር ልጅ፣ ዞር ብሎ አየኝና፣ «ዳዶንግ፣ ይቅርታ አያቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ፎቶው ውስጥ እየገቡብኝ ነው» አለኝ። ፈቀቅ ሳልል ቀረሁ። ነጩን ልብሳችንንና ማሰሮዎቹን ልብ ብሎ ሲያይ ግን ሐሳቡን ለወጠ። «ቆይ ቆይ! እንደውም ማሰሮውን አናትዎ ላይ ያድርጉትና አንዴ ብቻ ፈገግ ይበሉልኝ!»

«ያንተን እናት ፈገግ አስብላት!» አለች ሙርኒ።

ሙሽራዋ ቋንቋችንን አታውቅም፤ ነገር ግን ፊታችንን አይታ እጆቿን አጣምራ ጎንበስ አለችልኝ። እኔም መለስኩላት። በእሷ አልተቀየምኩም፤ የት እንደቆመች የነገራት ሰው የለም።

ፀሐይዋ አንደኛውን ደረጃ ያዘች፣ ሁለተኛውን ያዘች፣ ሦስተኛውን አለፈች። ዘጠኙ ማሰሮ ባዶውን ተመለሰ። ከቀትር በኋላም ወንዶቹ የከፈቱትን ዘጠኝ መቃብር መልሰው ደፈኑት።

ራስሚ በሕይወቷ እርጥበት የምትፈራ ሴት ነበረች። ምንጣፏን በየቀኑ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር። ስንቀብራት «ብዙ አላቆይሽም» ብያት ነበር። ያን ዕለት ያንኑ ቃል ለሁለተኛ ጊዜ ተናገርኩ። ተማሪ አንድን ውሸት ሁለት ጊዜ ሲነግረኝ ምን አደርግ እንደነበር ዊርካን ይጠይቁት።

አራተኛ። ስለ መልስዎ። ሦስት ጊዜ በእጅ ጽሑፌ አመለከትኩ። ለመጀመሪያው «ጥያቄዎ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው» የሚል መልስ ደረሰኝ። ለሁለተኛውም ያው መልስ፣ ከነአራት ነጥቡ፣ ደረሰኝ፤ ከዚያ በታች «ስላገኙት አገልግሎት ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡናል?» የሚል ተጨምሮበታል። በሦስተኛው ላይ የምንፈልገው ከአሥራ አንደኛውና ከአሥራ ሁለተኛው አሸንዳ የሚወርደውን ውኃ መሆኑን፣ ለምን እንደሆነም በግልጽ ጻፍኩ። እነሆ በዚያው ሳምንት አንድ ትሑት ጸሐፊዎ በሞተር ብስክሌት መጥቶ ሁለት የታሸጉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አስረከበኝ። ላያቸው ላይ «11» እና «12» ተለጥፎባቸዋል።

«ይኸው ኢቡ፣ ጣጣው አለቀልዎት፤ በር ላይም መሰለፍ የለም» አለኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ከየትኛው ቀዳኸው?»

«ከአሥራ አንድና ከአሥራ ሁለት ነዋ፣ ቁጥሩ ተጽፎበታል እኮ!»

«ከተራራው ወገን ወይስ ከባሕሩ?»

አሰበ። «ከመኪና ማቆሚያው ራቅ ካለው» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ የሞተችውን እህቴን የምሸኝበት ብለው ያደረሱልኝ ውኃ ገና እትብቱ ያልደረቀ ሕፃን የሚታጠብበት ነው። ሙሽሮቹን በሙታን ውኃ፣ ሙታንን በአራስ ውኃ፤ ጽሕፈት ቤትዎ በደሴቲቱ ላይ አንድ ሰው ሳይቀር አዳርሷል። ጠርሙሶቹን ለሙርኒ የልጅ ልጅ ሰጠሁላት፤ የተወለደችው ማክሰኞ ነው፤ ስለዚህ ስጦታዎ በከንቱ አልቀረም።

አምስተኛ። ለዊርካ ወንበር ስለሰጠኝ የጻፉለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ «ሥነ ሥርዓት» የሚለውን ቃል ሁለት ቦታ አሳስቶ ጽፎታል። አርሜ አያይዣለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ትልቅ አይደለም። ጉብኝቱ ይቅር አልልም፤ ዓለም ሁሉ ምንጫችንን ቢያይ አልጠላም፤ ሰው ሆኖ ውኃ ሊያይ የመጣን ማንንም በር ላይ አቁሜ አላውቅም። የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ቁጥሩ ታጥቦ ከተራራው ወገን እንደገና ይጻፍ፤ ብሩሹን የሚይዝ ሰው ካጡ እጄ ገና አልተንቀጠቀጠም። ሁለተኛው፣ ረቡዕ ጠዋት በሩ ይከፈት። በዚያ ቀን ዘጠኝ መቃብር ለሁለተኛ ጊዜ ይከፈታል። ለሁለተኛ ጊዜ የሚደፍነው ወንድ ግን በመንደራችን እንደማይገኝ፣ ወንዶቹን አንድ በአንድ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ በሩ ቢቆለፍ አጽሞቹ የት እንደሚያድሩ ከአሁኑ ቢያስቡበት ደግ ነው። የጽሕፈት ቤትዎ አዳራሽ ሰፊና ደረቅ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እህቴ ደረቅ ቦታ ትወዳለች።

ለደሴቲቱ ስላደረጉት ሁሉ፣ እኛ ለሺህ ዓመት ያየነውን በአንድ ቀን ማሳየት እንደሚቻል ስላስተማሩን፣ በገዛ ደጃችን እንግዳ መሆን ምን እንደሚመስልም በዚህ ዕድሜዬ እንዳውቀው ስላደረጉ፣ ምስጋናዬ ከቀስቶችዎ ቁጥር በላይ ነው።

በትሕትና፣ ጎንበስ ብዬ፣ ነገር ግን ከበሩ ፈቀቅ ሳልል፣
ኒ ኞማን ሪምፔን
የቀድሞ መምህርት፤ የራስሚ ታላቅ እህት

በድጋሚ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ካበቃሁ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የፊታችንን ረቡዕ የግል ሰዓት ማን እንደያዘው መዝገብዎን ቢያዩ የሚያገኙት የእኔን ስም ነው። በእህቴ ልጅ ስልክ ራሴ ሞላሁት። «ከየት አገር መጡ?» ለሚለው የቀረበው ዝርዝር ረጅም ነው፣ የእኛ ግን የለበትም፤ «ሌላ» የሚለውን መረጥኩ። «የጉብኝቱ ምክንያት» ከሚለው ሥር ጫጉላ፣ ልደት፣ ዕረፍት አሉ፤ አሁንም «ሌላ» አልኩ። «የእንግዶች ብዛት» ለሚለው አንድ መቶ አሥራ ሁለት ጻፍኩ፤ መኪና አንፈልግም፣ በእግራችን እንመጣለን፤ ከእንግዶቹ አንዱ ማዴ ዊርካ ስለሆነ በዚያ ጠዋት በሩን የሚከፍት ሌላ ሰው ያዘጋጁ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ይህ ሰዓት የእርስዎ ብቻ ነው።» ከጽሕፈት ቤትዎ ከደረሱኝ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እርማት የማያስፈልገው ይህ ነው። የተያዘ የግል ሰዓት በምንም ምክንያት እንደማይሰረዝም ከእርስዎው ወረቀት ተምሬአለሁ። እህቴን ከእንግዶቹ ቁጥር አላስገባኋትም፤ እሷ ወደ ውኃው አትመጣም፣ ውኃው ነው የሚሄድላት።