«እንደምን አደራችሁ» የጎደለው የምክር መጽሐፍ

ለክቡር ዶክተር ዊትኮምብ
የተማሪዎች ጉዳይ ዲን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለአዲስ ተማሪዎች ላዘጋጁት ተግባራዊ ምክር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍስ እንደ ልብ ይተኛሉ? ባለቤትዎ ወይዘሮ ዊትኮምብስ ደህና ናቸው? ቢሮዎን የሚያቀዘቅዘው ማሽንም ከሰሞኑ የመብራት መጥፋት በሰላም እንደተረፈ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እዚሁ በካሪቢያኗ ደሴት ሴንት ሉሺያ ተወልጄ ያደግሁ፣ በትምህርት ቤትዎ ካሉት ጥቂት የደሴቷ ልጆች አንዷ የሆንኩ የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ሰላምታዬን ያረዘምኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

የፊታችን ዓርብ በእርስዎ ሰብሳቢነት የሚቀመጠው ኮሚቴ ኮሊንን ከትምህርት ቤቱ ለማሰናበት እንደተዘጋጀ ሰምቻለሁ። ኮሊን ከኦሃዮ የመጣ፣ በአስከሬን ክፍል ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ የሚጋራ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሐኪም ከመሆን በቀር ሌላ ያልተመኘ ልጅ ነው። ጥፋቱ በመዝገቡ ላይ «ከታካሚ ጋር መነጋገር አይችልም» ተብሎ ሰፍሯል። ታዲያ እሱን ከማሰናበትዎ በፊት፣ ልጁ ቃል በቃል የተከተለውን ያንን ውድ የምክር መጽሐፍዎን ላመሰግን ወደድሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምግብ። መጽሐፍዎ በደሴቷ ላይ የሚበላ እንደ ልብ ስለማይገኝ የታሸገ ቱናና የለውዝ ቅቤ ይዛችሁ ኑ ይላል። ኮሊንም ልብሱን ቀንሶ ሻንጣውን በቆርቆሮ ሞልቶ መጣ። የተከራየው ቤት ጓሮ ውስጥ ፍሬው ተጠብሶ እንደ ዳቦ የሚበላ ትልቅ የዳቦ ፍሬ ዛፍ አለ፤ ፍሬው ጣራው ላይ እየወደቀ ሲያስደነግጠው እሱ ከጣራው ሥር ቁጭ ብሎ ቱናውን ይበላ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። አከራዩ ሚስ ፊሎሜን አንጀታቸው አልችል ብሎ አረንጓዴ ሙዝ በጨው ዓሣ ሠርተው ቢልኩለት፣ መጽሐፍዎ ከማታውቁት ሰው ምግብ አትቀበሉ ስለሚል ሳህኑን እንደተከደነ መለሰላቸው። ሚስ ፊሎሜን እስኪበርድላቸው ድረስ ልብሳቸውን እንኳ ከእሱ ልብስ ጋር በአንድ ገመድ ላይ አላሰጡም።

ሁለተኛ፣ ወፍራም ሹራብ ያዙ ይላል። እዚህ ላይ ያለ ምንም ተንኮል አመሰግናለሁ፤ ምክሩ እውነት ነው። ውጭ ፀሐይ አናት እየበሳ የመማሪያ አዳራሽዎ ግን ሥጋ ማቆያ ሆኗል። በመጽሐፉ ውስጥ እውነት ሆኖ ያገኘሁት ይህ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን የሚናገረው ስለ ደሴታችን ሳይሆን ስለ ሕንፃዎ ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ ዋናው ልምጣ። «የደኅንነት ጥንቃቄ» በሚለው ምዕራፍ፣ የሰው ዓይን አትዩ፣ ለማታውቁት ሰው አትመልሱ፣ ጆሯችሁ ላይ ማዳመጫ አድርጋችሁ ፈጠን ብላችሁ እለፉ ብለው መክረዋል። እርስዎ በደሴታችን የቆዩበትን ዘመን ሳስብ ይህን እንዴት ሊጽፉት እንደቻሉ ይገርመኛል። ሱቅ ይሁን ሚኒባስ ወይም ጤና ጣቢያ፣ እዚህ ሰው ወዳለበት የሚገባ ሁሉ አስቀድሞ ለቤቱ በሙሉ ሰላም ይላል፣ ቤቱም በሙሉ ይመልስለታል። ዝም ብሎ የገባ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ንቋል።

ኮሊን ለልምምድ ወደ መንደራችን ጤና ጣቢያ ሲላክ ምክርዎን እንደ ጸሎት ይዞ ገባ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩትን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አለፋቸውና፣ ከበሩ አጠገብ ወደነበሩት ወደ ማ ኤውዶክሲ ዞሮ «የት ጋ ያምዎታል?» አላቸው። «ማ» የምንላቸው እማማ ለማለት ነው፤ ስኳር ያለባቸው የመንደራችን አሮጊት ናቸው። ወደ ጎረቤታቸው ዘወር ብለው በእኛ ቋንቋ፣ «ይሄ ልጅ ምን ነካው? ፍየል እንኳ ደጃፍ ስትደርስ እምቤ ትላለች» አሉ፤ ለእሱ ግን «ምንም አያመኝም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለውም አያመውም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለችውም አያማትም። ኮሊን በዚያ ዕለት በሞላው ወረቀት መሠረት መንደራችን ከዓለም ሁሉ ጤነኛ መንደር ናት። በተከታዩ ሳምንትም እንደዚያው ሆነ፤ ያን ጊዜ ነው የልምምዱ ተቆጣጣሪ «ከታካሚ ጋር መነጋገር አይችልም» ብሎ የጻፈበት።

«አንሴልማ፣ ምን በደልኳቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔም «ሰላም አላልካቸውም። በር ላይ ቆመህ እንደምን አደራችሁ በል፤ ሳይመልሱልህም እንዳትቀመጥ» አልኩት። «ለማላውቃቸው ሰዎች?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህችን ጥያቄ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት።

በሌላው ሳምንት ኮሊን በሩ ላይ ቆሞ በእኛ ቋንቋ «ቦንዡ» ብሎ ሰላም አለ። ወንበሩ በሙሉ በአንድ ድምፅ መለሰለት። ማ ኤውዶክሲ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡትና ስለ ዶሮዎቻቸው አወሩለት፣ ጎረቤት ደሴት ማርቲኒክ ስላለው ልጃቸው አወሩለት፣ በመጨረሻም ጫማቸውን አወለቁ። ውስጥ እግራቸው ላይ ለነርሷ እንኳ ያላሳዩት የቆሰለ ነገር ነበር። ኮሊን ሐኪሙን ጠራ፣ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ተላኩ፣ እግራቸውም ሳይቆረጥ ዳነ።

እኔ ሞኟ ይህን ስሰማ ነገሩ አለቀ ብዬ ወደ ቢሮዎ ሮጥኩ። ያገኘሁት መልስ ግን የልጁ መዝገብ ቀድሞ ስለተዘጋ አይከፈትም፣ ደግሞም ተማሪው ራሱን ከአካባቢው ባህል ጋር ማላመድ ነበረበት የሚል ሆነ። ዶክተር ዊትኮምብ፣ ጨዋነቴን ለአፍታ ላስቀምጥና፣ ተናድጃለሁ። ሰላም አትበሉ ብለው በጽሑፍ ያዘዙት እርስዎ፣ ሰላም ባለማለቱ የሚባረረው እሱ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ሌላ ምን ሊሆን ነው? ባሕር ተሻግሮ ሐኪም ልሁን ብሎ የመጣ ልጅ፣ ሐኪም መሆን በጀመረበት ሳምንት ሻንጣውን ሊይዝ ነው።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ይህን ስጽፍ ጠፋኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ኮሊን ይቆይ። በመጽሐፍዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይም፣ ከቱናው በፊት፣ «ስትገቡ ሰላም በሉ» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ሰላምታ የእግዜር ነው፤ የሚወስድብዎም የሕትመት ቦታ ትንሽ ነው።

ጤናዎን አብዝቶ፣ ዕድሜዎን አርዝሞ፣ ጆሮዎንም በጥቂቱ ከፍቶ እንዲያቆይልዎ በመመኘት፣ ሹራቧን ለብሳ ከአዳራሽዎ የኋላ ወንበር የምትጽፍልዎ፣

አክባሪዎ አንሴልማ ቻርለሪ

ግልባጭ፦ ለጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ታዳሚዎች

ማሳሰቢያ፦ ማ ኤውዶክሲ እግራቸው በፋሻ እንደታሰረ፣ ሚስ ፊሎሜንም የተከደነ ሳህን ይዘው፣ ከወንበሩ ታዳሚዎች ጋር ዓርብ ስለ ኮሊን ሊመሰክሩ ይመጣሉ፤ ከስብሰባው ክፍል ደጃፍም ይቀመጣሉ። እርስዎ ባለፈው ጤና ጣቢያውን ሊጎበኙ የመጡ ጊዜ ስልክዎን ጆሮዎ ላይ አድርገው እንዳለፏቸው አልረሱም። ዓርብ ሲገቡ ቆም ብለው እንደምን አደራችሁ ቢሏቸው ስለ ልጁ የሚያውቁትን ሁሉ ይነግሩዎታል። ዝም ብለው ካለፏቸው ግን፣ ኮሚቴዎ የፈለገውን ቢጠይቃቸው እያንዳንዳቸው «ምንም አያመኝም» ይሉዎታል፤ ያን ጊዜም ያ «መነጋገር አይችልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በማን መዝገብ ላይ መስፈር እንዳለበት ኮሚቴዎ ቁጭ ብሎ ይመክርበታል።