የተጨበጠች እጅ

ካባ ሰፈር፣ ከሳጉሬ በላይ
ጥቅምት 14 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለአበባ አባት፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? አሰላ ተስማምቶሃል ይላሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ ለዛሬ ከዚህ የበለጠ ደግ ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

የላክኸው ሠዓሊ፣ ይርሳው የሚሉት፣ ቅዳሜ ደረሰ። ለኅዳር ጽዮን የማርያምን ሥዕል ልታሳድስ መሆንህን ቄሰ ገበዙ ሀብተ ማርያም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲናገሩ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፣ ሞኟ።

ማደስ የተባለው ምን እንደሆነ የሰማሁት ትናንት ነው። በማርያም እግር ሥር አንተና እኔ ተደፍተን፣ አበባ በመካከላችን ተቀምጣ የተሣልንበት አለ አይደል? እኔ ተፍቄ በቦታዬ አዲሲቱ ሚስትህ አፀደ ትሣላለች፤ ወለተ ማርያም የሚለው የክርስትና ስሜ ጠፍቶ የእሷ ይጻፋል። ይህስ አልደነቀኝም። ከቤትህ ልታስወጣኝ ሦስት ሽማግሌ አስፈልጎህ ነበር፤ ከግድግዳ ለማውረድ አንድ ሠዓሊ ይበቃሃል።

ሕፃኗ ግን ምን አደረገችህ? በላይዋ መጋረጃ ሣልባት ብለኸዋል። ይርሳው ራሱ ሲነግረኝ አፍሮ ብሩሹን ያይ ነበር።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ምን አላት? ብራና የላት፣ የወርቅ መስቀል የላት። ከሲሬና ከሮቤ ድንጋይ ልንፈልጥ የመጣን ሰዎች ከሥራ መልስ ከካባው አንዳንድ ድንጋይ እየተሸከምን የሠራናት ናት። አብረውን የሚፈልጡት እነከዲሮ እንኳ የራሳቸውን መስጊድ ሳይሠሩ ለእኛ ተሸክመዋል። ለልጅ ልጅ የምትተወው ቅርስ ያቺው ሥዕል ብቻ ናት፤ እሷንም በስለት ያስገባነው አንተና እኔ ነን። ሰባት ዓመት ልጅ አጥተን ስንኖር፣ ሴትም ብትሆን ስጪኝ ብለህ የለመንካት አንተ ነህ። ሰጠችህ።

ያኔ የሣለን ሽማግሌ ሠዓሊ አበባን አንድ ቦታ ማስቀመጥ አቅቶት ቆሎ ሲሰጣት ትዝ ይልሃል? ጨብጣው እምቢ አለች። የተማፃኝ እጅ ይዘረጋል እንጂ አይጨበጥም ብሎ ቢለምናት፣ ቆሎዬን ሊወስድብኝ ነው ብላ ባሰባት። እንደጨበጠች ሣላት። ትናንት ይርሳው እጇን አይቶ የሽማግሌው ስሕተት ነው አለኝ። እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳቅሁ። ከዚያ ቶሎ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ሌላ መልክ የላትም። አሰላ ፎቶ ቤት እንውሰዳት ስልህ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ አልክ። ስድስት ዓመት ሳይሞላት የካባው ድንጋይ ተናደባት።

ቄሰ ገበዙ የሰጪው ፈቃድ ነው ይላሉ። እኔስ ምን ነበርኩ? ሰጪዋ እኔም ነኝ፣ ሳልሞት አይነካም ብያቸዋለሁ። ይርሳው ቀለሙን አስቀምጦ መልስህን ይጠብቃል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ከዲሮ ነው። ከድንጋዩ ሥር ያወጣት እሱ ስለሆነ የፈለገውን ቢናገረኝ እሰማዋለሁ። ባለፈው ዓመት ለጽዮን መጥተህ፣ ደጁ ላይ ቆመህ፣ ሳትገባ መመለስህን ነገረኝ። "መልኳን ማየት አቅቶት ነው፤ አትፍረጂበት" አለኝ። ሊያበርደኝ ብሎ ነበር፤ ይባስ ተናደድኩ። አንተ አሰላ ሸሸህ። እኔ የት ልሽሽ? በየሳምንቱ ፊቷ እቆማለሁ።

የሚያናድደኝ ሌላም አለ። በሽማግሌዎቹ ፊት ምላሴን ከሰስክ፣ ወጤን ከሰስክ፤ ድንጋዩ የተናደባትን ቀን ግን አላነሳህም። ምሳህን ይዛ ወደ ካባው ስትመጣ ማን እንደላካት አንድም ቀን አልጠየቅኸኝም። ሌላ ጊዜ የማመጣልህ እኔ ነበርኩ። ብትጠይቀኝ፣ ብትመታኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። ዝምታህን ደግነት ብዬ አልቀበልም።

እንግዲህ እኔን ፋቀኝ። አፀደም ትሣል፣ ስሟም ይጻፍ፤ አልከለክልም። አበባ ግን እንዳለች ትቀመጥ፣ እጇም እንደተጨበጠ ይሁን። አፀደ የማን ልጅ ናት ብላ ከጠየቀችህ ንገራት። በእጇ ውስጥ ያለው ቆሎ መሆኑንም ንገራት። እኔና አንተ ስናልፍ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

ማርያም ለአፀደ ልጅ ትስጣት። አንተንም ከነቁጣዬ ይማርህ ብያለሁ፤ ለእኔም እንዲሁ በልልኝ።

የአበባ እናት