የወረታው ኦፔራ

ጥር 20 ቀን 1979

ክፍል እያለሁ ተጠራሁ። ጓድ አያልነህ፣ የወረዳችን ካድሬ፣ ከምሥራቅ ጀርመን ተመልሰዋል። የኦፔራ ሸክላ ይዘው መጥተዋል። ለየካቲት በዓል የኪነት ቡድኑ ኦፔራ ያሳያል አሉ። የታሪክ መምህር ነኝና አመጣጡን ለሕዝቡ እኔ አስረዳለሁ። ወረታ... ኦፔራ። ሌላው ችግራችን ሁሉ አልቋል ማለት ነው።

ጥር 24

ሸክላውን መምህራን ማረፊያ ከፈትኩት። የቁሐር ሚካኤሉ መሪጌታ ተክለ ማርያም ለልጃቸው ጉዳይ መጥተው ነበር። ቆመው ሰሙ።

«ደኅና ታዜማለች።»

ድሮ ይህን የሚዘፍነው ወንድ እንደነበር ነገርኳቸው። ድምፁ እንዳይጎረንን በልጅነቱ ይሰልቡት ነበር።

 «እኛ ቁራሽ ለምነን ተማርን ብለን እናማርራለን» አሉ።

የካቲት 3

ለገበሬ ማኅበሩ አስረዳሁ። የኢጣልያ መኳንንት የጥንት ግሪኮችን ቴያትር እናነሣለን ብለው ጀመሩት። ፋሲል ጎንደርን በሚያሠራበት ዘመን ቬኒስ ላይ ተራው ሰውም ከፍሎ ማየት ቻለ። ቤተ መንግሥት ሲሆን ግን ወጪው የንጉሡ ነው። ስለዚህ አማልክቱ መጀመሪያ ወጥተው ንጉሡን ያመሰግናሉ። ታሪኩ ሲወሳሰብ ደግሞ አንድ አምላክ በገመድ ከጣሪያ ወርዶ ሁሉን ያስተካክላል።

አድማሴ የሚባል ገበሬ እጁን አወጣ። «ንጉሡ ራሱ ምስጋናው አይሰለቸውም ነበር?»

ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ጓድ አያልነህ ግን ገመዱን ወደዱት። አብዮትን ሆነው ራሳቸው ይወርዳሉ።

የካቲት 12

ልምምድ። ጓድ የሚወርዱበት መጫኛ ገመድ በአዳራሹ ጣሪያ እንጨት ዞሮ በኋላ መስኮት ይወጣል። ውጭ ሆነው የሚስቡት ተማሪዎቼ ካሴና በላቸው ናቸው። የካሴ እኅት ይታይሽ የታሰረች ጭሰኛ ሆና ትዘፍናለች።

«ጋሼ፣ ጓድ ይከብዳሉ» አለ ካሴ። የጀርመን ቀለብ።

የካቲት 23

 አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወጣት እንዳይቀር ተብሎ ነበር... የክብር እንግዳው፣ ከአውራጃ የመጡት ጓድ፣ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ምስጋናው አላልቅ ሲል ለሽንት ወጣሁ። የጭነት መኪና ቆሟል። ሚሊሻ ከፊት በኩል አዳራሹን እየከበበ ነው። አፈሳ። ለውትድርና። ጓድ አያልነህ ያውቁ ኖሯል? አዎ፣ ያውቁ ነበር እንጂ።

ካሴና በላቸው ገመዱን ወደያዙበት ወደ ኋላ መስኮት ዞርኩ። «ሂዱ» አልኳቸው።

«ጓድስ? ገና ግማሽ ላይ ናቸው።»

«ገመዱን ከዛፉ እሰሩት።»

አስረው ወደ ርብ ወንዝ ሮጡ። ስመለስ አብዮት አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ይታይሽ ያንኑ ስንኝ ትደጋግማለች። በሩ ተዘጋ። ልጆቹን ለቀሙ፤ የአድማሴን ልጅ፣ ተማሪዬን ደረሰንም። እናቶች ሲጮሁ ጓድ ከላይ «አውርዱኝ» ይላሉ። ማን ይስማቸው?

የካቲት 26

የአውራጃው ጓድ አስጠሩኝ። «ገመዱ ለምን ታሰረ?»

«የኦፔራ ወግ ነው ጓድ። የክብር እንግዳው ሳይነሡ አምላክ አይወርድም።»

አሰቡበት። «ለእኔ ክብር ነው?»

«ለእርስዎ ክብር።»

ጻፉት።

መጋቢት 9

ጓድ አያልነህ ተዛውረዋል። ወዴት እንደሆነ አልተነገረም። ይታይሽ ከይፋግ ገበያ መጥታ «እነካሴ ደርሰዋል» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኋት።

አድማሴን መንገድ ላይ ሳየው በሌላ በኩል ዞርኩ። ምን እለዋለሁ?

ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ ካሴንና በላቸውን ዘለልኳቸው። ማንም አላስታወሰኝም። ደረሰን ግን ጠራሁት።  ደግሜ ጠራሁት።