የአባዬ አርባ ዋት

ጥቅምት 3
አባዬን ለጉልበቱ ሕክምና ወሰድኩት። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የስፌት መኪናውን መርገጥ አልቻለም፤ ሱቁም እንደተዘጋ ነው። የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አወጡት። የእግሩ ኃይል ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ 12 ዋት! እኔ የከተማውን መብራት የምቆጣጠር፣ ሦስት መቶ ሚሊዮን ዋት ሲወጣ ሲወርድ ሳይ የምውል ሰው፣ ለአሥራ ሁለት ዋት ልቤ ቆመ...

የስፌት መኪናውን ለመርገጥ አርባ ይበቃል አለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ። ሞተር ላስገጥምለት ብል ዓይኑን አፈጠጠብኝ። "እግሬን በሽቦ ልትተኪው?" ተከራክረን ተስማማን። እስከ ኅዳር መጨረሻ አርባ ካልደረሰ፣ ሞተር።

ጥቅምት 9
19። የስልክ ቻርጀርን በለጠ። ታክሲ ውስጥ ሲያፏጭ ነበር።

ጥቅምት 17
22 ላይ ቆሟል። ሞተሩን ገዝቼ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ምን ላድርግ?

ጥቅምት 21
ቁርስ ላይ፣ እንቁላል ለመጥበስ ስንት እኔ ያስፈልጋል አለኝ። ምድጃችን ሁለት ሺህ ዋት ይበላል... ሃምሳ አባዬ፣ ያውም አርባ ከደረስክ አልኩት። ለከተማውስ? አለኝ። ሰባት ሚሊዮን ተኩል። አንገቱን ደፋ። አዘነ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ሳቁን ይዞ ነው። እኔ አንዱን አባዬን መች ቻልኩት! ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ኅዳር 2
ባለሙያዋ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። "ሠላሳ አንድ ገባ!" ብዬ ጮህኩ። የፈረቃ አለቃችን የትኛው ጣቢያ ነው ብሎ ወደ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ሮጠ። የአባቴ ጉልበት ነው አልኩት። አሁን ፈረቃው በሙሉ በየቀኑ ይጠይቀኛል።

ኅዳር 11
35። ግን ጉልበቱ አበጠ። የአንድ ሳምንት እረፍት ታዘዘለት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ። አንጀቴን በላው... ስለ ሞተሩ ምንም አላልኩም።

ኅዳር 28
ረፋዱ ላይ ዋናው መስመር ወደቀ። ከተማው በሙሉ መብራት አጣ፤ ሰሌዳው ዜሮ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ላብ በላብ ሆነን ሰፈር በሰፈር መለስነው። ፈረቃዬ ሲያልቅ የቀረው የእኛ ሰፈር ብቻ ነበር።

በእግሬ መጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ጭጭ። ብየዳ ቤቱ ጭጭ። ጸጉር ሠሪዋ ደጅ ላይ ተቀምጣ ታወራለች። ከእኛ ሱቅ ግን... የስፌት መኪና ድምፅ! በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባዬ መስኮቱ ሥር የጎረቤታችንን ልጅ ዩኒፎርም ይሰፋል።

ቀና እንኳ ሳይል፣ "ከተማሽ ስንት ላይ ነው?" አለኝ።
"ዜሮ ነበር።"
"እኔ አርባ ነኝ።"
በምን አወቅክ አልኩት፤ ስክሪን የለ።
"መርፌው እየሄደ አይደል እንዴ።"

ደስታዬ እንባ ሆነ። አጠገቡ አልጋዬ ሥር የደበቅኩት የሞተሩ ካርቶን አለ፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልቶበታል። ሞተሩን የት እንዳደረገው አልጠየቅኩም።